ሲስተሙ እዚሁ ይቆይ

ከናይሮቢ የመጣው ግብዣ ለሲስተሙ ነበር። ደብዳቤው በደረሰበት ሰዓት ሲስተሙ አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ አንዲት ኮንቴይነር ውስጥ ተቀምጦ፣ ጭኑ ላይ ሰፌድ አድርጎ ምስር ይለቅም ነበር።

ሲስተሙ ተሻለች ትባላለች። ዕድሜዋ አርባ ሦስት ነው፣ ተወልዳ ያደገችው ወንጂ ነው፣ አባቷ ሸንኮራ ቆራጭ ነበሩ። ይህን ከመጀመሪያው መናገሬ ወደ ኋላ ስሟን የሚጠራ ሰው ስለሚጠፋ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተሻለች የምትሠራው መቶ አርባ ባጃጅ ባለው የባለንብረቶች ማህበር ውስጥ ነው። ማህበሩ አንድ ስልክ ቁጥር አለው፣ ቁጥሩም በየባጃጁ ጀርባ ላይ ተጽፏል። ተሳፋሪ ይደውላል፣ ተሻለች ታነሳለች፣ በሁለተኛው ስልክ ለሹፌር ትደውላለች፣ ባጃጁ ደጃፍ ይቆማል። ሲያወሩት ቀላል ነው። አዳማ ላይ ግን በቤት ቁጥር ቤት የሚፈልግ ሰው እስካሁን አልተወለደም። አንዱ ይደውልና «የድሮው ወፍጮ ቤት ጋ ነኝ፣ ወፍጮው ጋ ሳይሆን ወፍጮው የነበረበት ጋ» ይላታል። ሌላው ያ ክፉ ውሻ ያለበት ግቢ በር ላይ ነኝ ይላል፤ ውሻው ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። ቀበሌ ዜሮ አራት የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ደግሞ «እኔ ነኝ» ብቻ ብለው ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዘጋሉ። ተሻለች «እኔ ነኝ» የት እንደሚኖሩ ታውቃለች። ማክሰኞ ከሆነ ጤና ጣቢያ እንደሚሄዱ፣ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸውም ጉድጓድ ላይ የሚዘል ሹፌር ሊላክላቸው እንደማይገባ ታውቃለች። ስለዚህ የምትልክላቸው ሱሌማንን ነው፣ እሱ ባጃጁን እንደ እንቁላል ቅርጫት ነው የሚነዳው።

በዚህ ሁኔታ ስድስት ዓመት ተሠራ። ከዚያ ሰይፈሚካኤል መጣ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ለማህበሩ ፕሮጀክት እንዲጽፍ የተቀጠረ ልጅ ነው፣ ክፉ ልጅም አይደለም። አንድ ቀን ኮንቴይነሯ ውስጥ ቁጭ ብሎ ተሻለች ስትሠራ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ሲያያት ዋለና ማታውን ናይሮቢ ለሚካሄድ ትልቅ የቴክኖሎጂ ጉባኤ ማመልከቻ ሞላ። የተጠቃሚን ድምፅ ይለያል፣ አለ። በአማርኛና በኦሮምኛ እያቀላቀሉ ቢያናግሩት ይረዳል፣ አለ። ካርታ በማያውቀው ሰፈር ቦታ ያገኛል፣ መብራት ሲጠፋ አይቋረጥም፣ በየቀኑ እየተማረ ይሄዳል፣ አለ። የሥራ ማስኬጃ ወጪው እጅግ አነስተኛ ነው የሚልም ጨመረበት። አንድም ቃል አልዋሸም። በተለይ የመጨረሻዋ፣ የተሻለችን ደሞዝ ለሚያውቅ ሰው፣ ንጹህ እውነት ነበረች። የዘለለው ነገር ቢኖር ሲስተሙ ምስር መልቀሙን ነው።

ናይሮቢዎች ተደነቁ። ከማህበሩ ሦስት ሰው ትኬቱና ማረፊያው ተችሎለት እንዲመጣ፣ መድረክ ላይም ሲስተሙን ለዐሥር ደቂቃ በቀጥታ እንዲያሳይ ጻፉ። ቀኑ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር።

ሰይፈሚካኤል ደብዳቤውን በአማርኛ ሲያነብላት ተሻለች ሰፌዱን አስቀምጣ ተነሳች። ቤቷ ሻንጣ ውስጥ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ፓስፖርት አላት። ያወጣችው ዐረብ አገር ልትሄድ ብላ ነበር፤ እናቷ ታመሙና ቀረች። እናቷም አረፉ፣ ዕድሜውም ሄደ። ፓስፖርቱን ግን ጊዜው ባለፈ ቁጥር ታሳድሰዋለች። የት ልትሄጂ ነው ሲሏት «እንጃ» ትላለች። አንድም ማህተም ያላረፈበት ወረቀት ነው፣ አልፎ አልፎ እሑድ ቀን አውጥታ ባዶ ገጾቹን ትገልጣለች። ያን ዕለት ሻንጣዋን ከአልጋው ስር ጎትታ አወጣችው። ሌላ ምንም አልተመኘችም፤ መሄድ ብቻ ነበር የፈለገችው።

ማህበሩ በሳምንቱ ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ኦቦ ጆቴ ናቸው፣ ሰባት ባጃጅ ያላቸው፣ ስብሰባ ሲከፍቱ ግማሽ ሰዓት፣ ሲዘጉ አንድ ሰዓት የሚናገሩ ሰው። የጉዞ ዐቢይ ኮሚቴ ይቋቋም አሉ፣ ተቋቋመ። በስሩም የአልባሳት ንዑስ ኮሚቴና የትራንስፖርት ንዑስ ኮሚቴ ተዋቀሩ። መቶ አርባ ባጃጅ ያለው ማህበር ሦስት ሰው መናኸሪያ ድረስ በምን እንደሚሄድ ሁለት ሰዓት ተከራከረ።

ከዚያ ማን ይሂድ የሚለው መጣ። ኦቦ ጆቴ ሊቀመንበር ስለሆኑ መሄዳቸው ለውይይት አልቀረበም። ቀጥሎ ጋሽ ገብረወልድ ተነሱ፤ የማህበሩ ገንዘብ ያዥ ናቸው፣ ከስኳር ፋብሪካ ጡረታ የወጡ፣ ስልካቸውን ለማንሳት መነጽር የሚፈልጉ። እሳቸው የተመረጡት ልዑክ ያለ ሽማግሌ አይሄድም ተብሎ ነው። ሦስተኛው ሰይፈሚካኤል ሆነ፣ እንግሊዝኛ የሚያውቅ እሱ ብቻ ስለነበረ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ የቀሩት አባላት ፊት ላይ ቁጭቱ ይነበብ ነበር።

ያኔ ከኋላ ወንበር ሱሌማን እጁን አወጣና ተሻለችስ አለ።

አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። እሷ ጥግ ላይ ቃለ ጉባኤ ትይዝ ነበር፣ እጅ ጽሑፏ ያማረ ስለሆነ ሁልጊዜ የምትጽፈው እሷ ናት።

«ተሻለች ብትሄድ ከማንም በፊት ደስ የሚለን እኛ ነን» አሉ ኦቦ ጆቴ። «ግን እሷ ከሄደች ሲስተሙን ማን ይይዛል?»

ካቻምና ታይፎይድ ይዟት ሦስት ቀን ስትተኛ ምን እንደሆነ ሁሉም ያስታውሳል። ሦስት ባጃጅ ለአንድ ሰው ተልኮ፣ አንድ ሙሽራ በእግሯ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ፣ ሹፌሮቹ ፍራንኮ ሰፈር ላይ በድንጋይ ሊፈናከቱ ነበር። ተሻለች ስብሰባው ላይ አንድ ነገር ገባት። ለማህበሩ እንዲህ አስፈላጊ ባትሆን ኖሮ ትሄድ ነበር። ጋሽ ገብረወልድ የሚሄዱት ባይኖሩም ምንም ስለማይጎድል ነው።

ኦቦ ጆቴ ውሳኔውን አስጻፉ። እሷም ቀጥ ባለ መስመር፣ በዚያ በሚያምር እጇ ጻፈች፦ ሲስተሙ አገልግሎቱ ሳይቋረጥ ይቀጥል ዘንድ እዚሁ እንዲቆይ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። እሷ ባጃጅ ስለሌላት አባል አይደለችም፣ ስለዚህ ድምፅ አልሰጠችም። ጨርሳ ነጥቡን ስታሳርፍ እንባዋ መጣ፣ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ እንዳይዝረከረክ ብላ ዋጠችው።

ስብሰባው ሲበተን ሰይፈሚካኤልን በር ላይ ያዘችው። ቦታህን አልልህም አለችው፤ ወረቀቱ ላይ ስሜን ብቻ ጻፍልኝ፣ ይህን የምትሠራው ተሻለች ናት በልልኝ። ልጁ መሬት መሬት አየ።

«እትዬ፣ እነሱ የጋበዙት ቴክኖሎጂ ነው» አላት። «ሰው ናት ካልኳቸው ግብዣውን ይሰርዙታል። ለማህበሩ ብለሽ ቻይው።»

ለማህበሩ ብላ ቻለችው። ስድስት ዓመት ሙሉ የቻለችውን ሁሉ የቻለችው ለማህበሩ ብላ አልነበር?

ዐቢይ ኮሚቴው ስድስት ሳምንት በስብሰባ አሳለፈ። የአልባሳት ንዑስ ኮሚቴ ሦስት አንድ ዓይነት ግራጫ ሱፍና አረንጓዴ ክራባት አሰፋ፤ የጋሽ ገብረወልድ ሱሪ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ለአስተናጋጆቹ ጋቢ ይወሰድ ወይስ ማር የሚለው ድምፅ ተሰጥቶበት እኩል ለእኩል ወጣ። ጋሽ ገብረወልድ ፓስፖርት ሊያወጡ ሲሉ መታወቂያቸው ላይ አንድ ዕድሜ፣ ጡረታ ወረቀታቸው ላይ ሌላ ዕድሜ ተገኘ። በጎልማሳነታቸው በገዛ እጃቸው ስድስት ዓመት ቀንሰው ነበር፣ አሁን ያቺ ስድስት ዓመት ወደ ናይሮቢ አላሳልፍም አለቻቸው። ያን ያስተካከለችው፣ ቅጹን ሁሉ ከስልኳ የሞላችው፣ ቀጠሮ ያስያዘችው ተሻለች ናት።

ሁለት ሳምንት ሲቀር ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሆነ። ሆቴሉ ከጉባኤው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ከአየር ማረፊያ በምን እንደሚኬድ፣ ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ የት እንደሚገኝ የጠየቀ ንዑስ ኮሚቴ አልነበረም። ኦቦ ጆቴ ኮንቴይነሯ በር ላይ ቆሙና በይ እንግዲህ አንቺ ታውቂበታለሽ፣ እስቲ አስተካክዪልን አሏት።

የሱሌማን እህት ዙለይካ ናይሮቢ፣ ኢስሊ በሚባል ሰፈር ጨርቅ ትሸጣለች። ተሻለች በየቀኑ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ጥሪ ሲቀንስ፣ በኢንተርኔት ትደውልላታለች። የመንገድ ስም አትጠይቃትም። ከሆቴሉ በር ስትወጪ ፊት ለፊትሽ ምን አለ ትላታለች። ዙለይካም መጀመሪያ ሳቀችባት፣ ኋላ ግን ደስ አላትና ገበያዋን ለጎረቤት እየተወች በእግሯ እየሄደች ያየችውን ትነግራት ጀመር። ነጭ ጃንጥላ ስር የሚቀመጥ ጫማ ጠራጊ አለ። ቀጥሎ ግማሹ የደረቀ ትልቅ ዛፍ፣ ከዛፉ ወዲያ ሁልጊዜ ውሃ የሚያፈስ ቧንቧ። ተሻለች ይህን ሁሉ ደብተሯ ላይ ጻፈች። ስድስት ገጽ ሲሞላ፣ አንድ ቀን ዙለይካ መንገድ ተሳስታ «የት ነኝ?» አለቻት። ተሻለች አዳማ ተቀምጣ መለሰቻት።

ማታ ማታ ዓይኗን ስትጨፍን የምታየው ያን መንገድ ነበር። ከሆቴሉ በር ትወጣለች፣ ጫማ ጠራጊውን ሰላም ትላለች፣ ቧንቧው ጋ ቀሚሷን ሰብስባ ትሻገራለች። ከእነዚያ ሁሉ ኮሚቴዎች ናይሮቢን የሚያውቃት አንድ ሰው ቢኖር እሷ ነበረች፣ የቀረችውም እሷው ናት።

ሰዎቹ ሰኞ ጠዋት ሄዱ። መናኸሪያ የወሰዷቸውን ሦስት ባጃጆች የላከችው እሷ ናት፤ ትራንስፖርት ንዑስ ኮሚቴው የወሰነውን ሰዓት ረስቶት ነበር። ኦቦ ጆቴ በአዲሱ ሱፋቸው ኮንቴይነሯ ደጃፍ ላይ ከባጃጁ ወረድ ብለው ከናይሮቢ ምን እንደሚያመጡላት ጠየቋት።

«ከሆቴሉ በር ወደ ግራ ያለውን መንገድ ፎቶ አንሱልኝ» አለች።

እሳቸው ሽቶ ወይም ሻርፕ ነበር የጠበቁት። የምትቀልድ መስሏቸው ሳቁና ሄዱ።

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የማህበሩ ስልክ ጮኸ። ጋሽ ገብረወልድ ናቸው። ከሆቴሉ ሲወጡ ሰይፈሚካኤል ስልኩ ላይ ባለው ካርታ እየመራቸው ነበር፣ ካርታው በእግር ይሁን በመኪና ሳይለይላቸው አንድ የተዘጋ የግንባታ አጥር ስር አድርሷቸዋል። ጉባኤው ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ቀርቷል። ኦቦ ጆቴ ከኋላ በኦሮምኛ ሲራገሙ ይሰማል።

«ፊት ለፊትዎ ምን አለ?» አለቻቸው።

«ሰው።»

«ከሰዉ ኋላስ?»

«ፎቅ ነው እንጂ ሌላ ምን ይኖራል፣ ልጄ።»

ዞር ብለው እንዲያዩ ነገረቻቸው። ውሃ የሚፈስበት ቦታ አለ ወይ አለች። አለ፣ ጫማዬን አበላሸው አሉ። እንግዲያው ውሃውን ወደ ግራ ትተው ዛፉ ድረስ ይመለሱ፣ ግማሹ የደረቀው ነው። ከዛፉ በስተቀኝ ጋዜጣ የሚሸጥበት ሱቅ፣ ከሱቁ ቀጥሎ ባንዲራዎች የተሰቀሉበት ሕንፃ። ባንዲራዎቹን አይተው ሲጮሁ ሰማች፣ ከዚያ ስልኩን ዘጉ። አመሰግናለሁ ለማለት ጊዜ አልነበራቸውም።

አምስት ሰዓት ላይ እንደገና ተደወለ፣ የተሳፋሪ መስመር እንዳይያዝ በሁለተኛው ስልክ። አሁን የመድረኩ ሰዓት ነው። ሰይፈሚካኤል ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎታል፣ ከወዲያ የብዙ ሰው ጉምጉምታ ይሰማል። ተሻለች ኮንቴይነሯን ዘጋች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ማንም እንደማያያት እያወቀች አስተካከለች።

በተስማሙት መሠረት፣ ሰይፈሚካኤል ለአዳራሹ እየተረጎመ፣ ጋሽ ገብረወልድ ተሳፋሪ ሆነው ተናገሩ፣ ያሉበትንም ቦታ በተጣመመ መንገድ ገለጹ። እሷም እንደ ወትሮዋ መለሰች። ቀጥሎ ኦቦ ጆቴ በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ጨረሱ፣ እሷም በኦሮምኛ ተቀብላ በአማርኛ መለሰች። መሀል ላይ ደክሟት ነበርና ተነፈሰች። አዳራሹ አጨበጨበ። ከተገኙት አንዱ ይህ ማሽን እንደ ሰው ይተነፍሳል ብሎ እንደተደነቀ ሰይፈሚካኤል ኋላ አውርቷል።

ከዚያ የቀረበውን ከሚመዝኑት ዳኞች አንዷ በእንግሊዝኛ ጠየቀች። ሰይፈሚካኤል ለሁለቱ ሽማግሎች ሲተረጉም ድምፁ ሰለለ። ይህ ሲስተም እዚህ ናይሮቢ መጥቶ መሥራት ይችላል ወይ ነው የምትለው፣ ለመምጣትስ ምን ይጎድለዋል ትላለች አላቸው። ኦቦ ጆቴ ለንግግር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የእሳቸውን ጉሮሮ መጥረግ የሚያውቅ ሰው ግማሽ ሰዓት እንደሚቀጥል ያውቃል።

ስልኩ ግን ክፍት ነበር።

«ተሻለች እባላለሁ» አለች ከአዳማ። «ፓስፖርት አለኝ።»

ድምፅዋ በማጉያው አዳራሹን ሞላው። እንዴት እንዳወጣችው እሷም አታውቅም። እጇ ደብተሩ ላይ ነበር፣ ናይሮቢ የሚለው ገጽ ላይ። ከወዲያ ዳኛዋ ምን አለ ብላ ስትጠይቅ ተሰማ። ተሻለች ጠበቀች። ሰይፈሚካኤል የሚለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፣ ስሟንና ፓስፖርቷን።

ልጁ ትርጉሙን ጀመረ። ረዘመ። የእሷ አራት ቃል ነበር፣ የእሱ እየቀጠለ ሄደ፣ አንዴ ሳቅ አለበት፣ አንዴ ድምፁን ከፍ አደረገ። ተሻለች እንግሊዝኛ አታውቅም። ግን የሰው ስም በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው፣ ስለዚህ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ እስከ መጨረሻው ድረስ አዳመጠች። ስሟ አልነበረበትም። አዳራሹ ከቅድሙ ይበልጥ አጨበጨበ።

የማህበሩ ስልክ ጮኸ። ናይሮቢን ከነጭብጨባዋ ጠረጴዛው ላይ ትታ አነሳችው።

«እኔ ነኝ» አሉ አሮጊቷ።

ማክሰኞ ነበር። ተሻለች ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«አወቅሁዎት፣ እማማ» አለች። ስልኩ ግን ተዘግቶ ነበር፤ ለሱሌማን ደወለች።